የቆሻሻ ማቃጠያ አመድ የት ይጣል? ምርጫዎቹን ጎን ለጎን እንያቸው

100 ኪሎ የከተማ ቆሻሻ ዘመናዊ ማቃጠያ ውስጥ ቢገባ ከ20 እስከ 25 ኪሎው አመድ ሆኖ ይወጣል። የሚይዘው ቦታ በጣም ይቀንሳል፣ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ክብደቱ ግን ሩብ ያህሉ እዚያው አለ። ስለ ማቃጠያ ሲወራ ስለ መብራቱና ስለ ጭሱ ነው የሚወራው። ስለ አመዱ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ረጲን እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ ጎን የተሠራው ማመንጫ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ ነው። በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ብለን እናስላው። በቀን ከ280 እስከ 350 ቶን አመድ ይወጣል ማለት ነው። 20 ቶን በሚጭን ሲኖትራክ ከ14 እስከ 18 ምልልስ። በየቀኑ፣ በዓል ሆነ ክረምት። ይሄ ሁሉ የሆነ ቦታ መራገፍ አለበት። የት እንደሚራገፍ የሚወስን ሰው ደግሞ ሳያስበው የልጅ ልጆቻችንን የጉድጓድ ውሃ እየወሰነ ነው።

ምርጫዎቹ ብዙ አይደሉም። ከተራ ቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ መድፋት አለ። ለአመድ ብቻ የተዘጋጀ ጉድጓድ አለ። ለይቶ ከፊሉን ለመንገድ ሥራ ማዋል አለ። መርዛሙን ክፍል አክሞ ወይም አርቆ ማስቀመጥ አለ። እንደ ሲንጋፖር ባሕር ውስጥ ግንብ ሠርቶ መሙላትም አለ። ሁሉንም አነሳለሁ፣ ግን እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ ለእኛ የሚጠቅመው ላይ ቆም እላለሁ።

መጀመሪያ ይሄን እንያዝ፦ አመዱ ሁለት ነው

ይሄን ያልለየ ሰው የቱንም ቢመርጥ ይሳሳታል።

አንደኛው ከምድጃው ሥር የሚወርደው ነው። የታች አመድ እንበለው። ከጠቅላላው አመድ ብዙውን እጅ የሚይዘው ይሄ ነው። ጓንት አድርጋችሁ አንድ እፍኝ ብትዘግኑ አመድ አይመስልም። ቀልጦ የተጣበቀ የጠርሙስ ስባሪ አለበት። የለስላሳ ቆርኪ አለ፣ ቀለሙ ተልጦ። ሚስማር፣ የተጣመመ ማንኪያ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ጠጠር፣ የሽቦ ቁራጭ። በመሃሉ ጠቆር ያለ አሸዋ የመሰለ ነገር። ከምድጃው ሲወጣ ውሃ ውስጥ ስለሚነከር እርጥብ ነው፤ ሽታው ትኩስ የተቦካ ሲሚንቶ ያስታውሳል።

ሁለተኛው ከጭሱ የሚያዘው ነው። ጭሱ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ኖራና የከሰል ዱቄት ይነፋበታል፣ ከዚያ በጨርቅ ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ነጣ ያለ ግራጫ ዱቄት ነው፣ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ። የጭስ አመድ እንበለው። ከገባው ቆሻሻ ክብደት ከ2 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ክፋቱ ግን እዚህ ነው የተጠራቀመው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እሳቱ ካድሚየምን፣ ሜርኩሪን፣ ዚንክንና እርሳስን ወደ ትነት ይለውጣቸዋል። ጭሱ ሲቀዘቅዝ እነዚህ ብረታት ብናኙ ላይ ይለጠፋሉ። ዳዮክሲን የሚባለው መርዝም ጭሱ ሲቀዘቅዝ፣ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ እዚያው ብናኝ ላይ ይፈጠራል። ማጣሪያው ጥሩ በሆነ ቁጥር አየሩ ይጸዳል፣ አመዱ ደግሞ ይመርዛል። አንድ ማቃጠያ «ጭሴ ንጹህ ነው» ካለ ደስ ይላል፤ ተከታዩ ጥያቄ «ከጭሱ የያዛችሁትን የት አደረጋችሁት?» መሆን አለበት።

ይሄ የቤት ምድጃ አመድ አይደለም

እኛ ሀገር አመድ መጥፎ ስም የለውም። እናቴ ድስት የምታሸው በአመድ ነበር። ጎመን ላይ ይነሰነሳል፣ ነቀዝ እንዳይበላው እህል ውስጥ ይገባል፣ ሽንት ቤት ላይ ይደፋል። ስለዚህ «አመድ ነው» ሲባል ሰው አይደነግጥም። አደጋው ይሄ ነው። የእንጨት አመድ ከእንጨት ነው የመጣው። የማቃጠያው አመድ የመጣው ከባትሪ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከቀለም ቆርቆሮ፣ ከፕላስቲክ ቱቦና ከተሰበረ ቴሌቪዥን ነው።

ይሄን አለመለየት ሰዎችን አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኪያን ሲ የምትባል መርከብ ከአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከ14 ሺህ ቶን በላይ የማቃጠያ አመድ ጭና ወጣች። በየሀገሩ ወደብ ተከለከለች። በ1988 መጀመሪያ ሄይቲ፣ ጎናኢቭ ከተማ ዳርቻ ላይ ወደ 4 ሺህ ቶን አራገፈች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ማዳበሪያ ነው ተብሎ ነበር። የቀረው ባሕር ውስጥ ተደፋ። የሄይቲው አመድ ተነስቶ ወደ አሜሪካ የተመለሰው በ2000 ነው፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተቀበረው ደግሞ በ2002። አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ።

እንግሊዝ ውስጥ ኒውካስል ከተማ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማንም ሊጎዳ አስቦ አልነበረም። ባይከር ከሚባለው ማቃጠያ የወጣው አመድ፣ የታችኛውና የጭሱ ተቀላቅሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰዎች አትክልት በሚያለሙባቸው ቦታዎች የእግር መንገድ ላይ ተነሰነሰ፣ ጭቃ እንዳይሆን። ዶሮዎቹ መሬቱን ጫሩ፣ ለቀሙ። ዳዮክሲኑ እንቁላላቸው ውስጥ ተገኘ። ሰው እንቁላሉን እንዳይበላ ተነገረው። ዶሮ ባለበት ጊቢ ያደገ ሰው ይሄ እንዴት እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ምርጫ አንድ፦ ከተራ ቆሻሻ ጋር አንድ ላይ መድፋት

በጣም ርካሹ ይሄ ነው። ጉድጓዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ ሂዶ ማራገፍ ብቻ ነው። ብዙ ከተማ የሚጀምረው በዚህ ነው።

ችግሩ ኬሚስትሪው ላይ ነው። የቤት ቆሻሻ ሲበሰብስ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አሲድ ያወጣል፣ እንደ ሊጥ ይኮመጥጣል በሉት። አሲድ ደግሞ እርሳስንና ካድሚየምን አሟሙቶ ከፍሳሹ ጋር ይዞ ይወርዳል። አመዱ ራሱ አልካላይን፣ የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ አሲዱን ያበርደዋል። ቆይቶም፣ ቆሻሻው ሚቴን ወደሚያወጣበት ደረጃ ሲደርስ፣ ከብረታቱ ከፊሉ ከሰልፋይድ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁሌም አደጋ ነው ማለት አልችልም። የትኛው ያሸንፋል የሚለው ግን በቅይጡ፣ በዝናቡና በጊዜው ነው የሚወሰነው፣ እና ይሄን መሬት ሥር ሆኖ የሚቆጣጠር ሰው የለም።

ሁለት ሌላ ጣጣም አለው። አመዱ ውስጥ ብዙ ካልሲየም አለ። ከቆሻሻው ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ ፍሳሹን የሚሰበስቡት ቱቦዎች ውስጥ እንደ ኖራ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት፣ በመሬት ሥር ቱቦ ልክ። ቱቦው ሲደፈን ፍሳሹ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ መውጫ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሽታ ነው፦ አመዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት አየር በሌለበት ቆሻሻ ውስጥ በባክቴሪያ ተለውጦ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይሆናል።

ቆሼን ለምታውቁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። እርጥብ አመድ ከተራ ቆሻሻ በጣም ይከብዳል። አሮጌና ያልተረጋጋ ክምር ላይ በየቀኑ አመድ መጫን ማለት ጫፉ ላይ ድንጋይ መቆለል ማለት ነው። ይሄን ምርጫ ቦታው የተናደ ታሪክ ባለበት ከተማ ላይ ጭራሽ አላስበውም።

ምርጫ ሁለት፦ ለአመድ ብቻ የተዘጋጀ ጉድጓድ

አሜሪካ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖች ይሄ ሩቅ አይደለም። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሎርተን ላይ በቀን እስከ 3,000 ቶን የሚያቃጥል ማቃጠያ አለ። አመዱ የሚሄደው እዚያው ሎርተን፣ አይ-95 አውራ ጎዳና አጠገብ ወዳለው መቅበሪያ ነው። መቅበሪያው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ተራ ቆሻሻ መቀበል አቁሞ አመድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ስፕሪንግፊልድ የጣላችሁት የእንጀራ ፕላስቲክ መጨረሻው እዚያ ሊሆን ይችላል።

አመድ ለብቻው ሲቀበር የሚበሰብስ ነገር ስለሌለ አሲድ የለም፣ ሚቴንም የለም ማለት ይቻላል። አመዱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ትኩስ አመድ ፒኤቹ (ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካላይን የሚባልበት መለኪያ) ከ12 በላይ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ እርሳስ በቀላሉ ይሟሟል። ሲቆይ ወደ 8 እና 9 ይወርዳል፣ እርሳሱ መሟሟቱን በብዙ ይቀንሳል። እርሳስ በጣም አሲድም በጣም አልካላይንም ሲሆን ነው የሚያስቸግረው፣ መሃሉ ላይ አደብ ይገዛል። ሁሉም ግን እንደ እርሳስ አይደለም። አንቲሞኒ የሚባለው ብረት ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አመዱ ሲረጋጋ እሱ መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ «አመዱ ቆይቷል፣ ደህና ነው» ሲሏችሁ «ለየትኛው?» በሉ።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ራስ ምታት ጨው ነው። ፍሳሹ በክሎራይድ፣ በሶዲየምና በካልሲየም የተሞላ ነው። ተራ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ጨው አያወጣም፤ ተቀብሎ ወደ ወንዝ ያሳልፈዋል። ወንዙ ትልቅ ከሆነ ይቀጥናል። ወንዙ በበጋ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ከሆነና ከታች ሰው በሱ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣ ከሆነ፣ አቃቂ ዳር እንደሚደረገው፣ ጨዉ የሚያርፈው ማሳው ላይ ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። እርጥብ አመድ አሉሚኒየምን ይበላል። የለስላሳ ቆርቆሮና የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ቁርጥራጭ አመዱ ውስጥ ከአልካላይኑ ውሃ ጋር ሲገናኝ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው ሃይድሮጅን ነው፣ በዚያ ላይ ይሞቃል። ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላው ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ የአመድ ክምር ውስጥ ከ80 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተለክቷል። ከሥሩ የተነጠፈው ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀት አይወድም፣ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ትኩስ አመድ በቀጥታ ከፋብሪካው ጉድጓድ መግባት የለበትም። ለሳምንታት ሜዳ ላይ ተገልብጦ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በቀጭን በቀጭኑ መነጠፍ አለበት። የሚቸኩል ከተማ ይሄን ይዘለዋል።

ምንጣፉ ራሱስ? የአሜሪካ ሕግ ለከተማ ቆሻሻ መቅበሪያ የሚጠይቀው 60 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር፣ በላዩ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው። የአውሮፓ ሕብረት አደገኛ ላልሆነ ቆሻሻ ቢያንስ 1 ሜትር፣ ለአደገኛው ቢያንስ 5 ሜትር ውሃ የማያሳልፍ የተፈጥሮ ንጣፍ ወይም ያንን የሚተካ ይጠይቃል። ልዩነቱን አያችሁ? የጭስ አመድ የተቀላቀለበትን «ተራ» ብሎ መመዝገብ ከ5 ሜትር ወደ 1 ሜትር መውረድ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ጋ ነው፣ ብዙ ክርክርም የሚነሳው እዚሁ ነው።

ይሄ ክርክር አሜሪካ ውስጥ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። ቺካጎ ከተማ አመዷን እንደ ተራ ቆሻሻ ትደፋ ነበር። ግንቦት 2 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ አመዱ ተመርምሮ አደገኛ ሆኖ ከተገኘ እንደ አደገኛ ቆሻሻ መያዝ አለበት አለ። ትልቅ ድል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ልብ ይሰብራል። ብዙ ማቃጠያዎች የጭሱን አመድ ከታችኛው ጋር እዚያው ሕንፃ ውስጥ እየቀላቀሉ፣ ኖራ ወይም ፎስፌት እየጨመሩ፣ ቅልቅሉን ያስመረምሩ ጀመር። ቅልቅሉ ፈተናውን ያልፋል። ፈተናው ሊትር ውሃ ውስጥ ከ5 ሚሊ ግራም በላይ እርሳስ ወይም ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም ከወጣ ነው የሚጥለው። ካድሚየሙ የትም አልሄደም። ቀጠነ እንጂ።

ምርጫ ሦስት፦ መለየት፣ መልቀም፣ የታችኛውን ለመንገድ ማዋል

እኔ ወደዚህ ነው የማደላው፣ ከነቅድመ ሁኔታው።

ሆላንድና ዴንማርክ የታች አመድን ለዓመታት ከአስፋልት ሥር ሲያነጥፉ ኖረዋል። መጀመሪያ ትልልቅ ማግኔት ብረቱን ይስባል። ከዚያ በሌላ ማሽን አሉሚኒየሙና መዳቡ ይለቀማል። ከአመዱ አንድ አሥረኛ ገደማ ብረታ ብረት ሊሆን ስለሚችል ገቢ ያመጣል። ቀጥሎ ወር ሁለት ወር፣ አንዳንዴ ሦስት ወር፣ ሜዳ ላይ ይከመራል፣ እንዲረጋጋ። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ2012 መንግሥትና ማቃጠያዎቹ ተስማምተው አመዱን አጥቦ ጨዉን ወደ መቀነስ ገብተዋል። ስዊዘርላንድ በበኩሏ ለመንገድ አትፈቅድም፤ ብረቱን በደንብ ለቅማ የቀረውን ትቀብራለች። ሁለቱም ሀብታምና ጠንቃቃ ሀገር ናቸው፣ በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፦ ያልታከመ የጭስ አመድ አይቀላቅሉም።

እኛ ጋ ይሄ ምርጫ አንድ ጥሩ ነገር ይዞ ይመጣል። ቆራሌው ቆርቆሮና ብረቱን ገና ከቤት በር ይወስደዋል። የቆሼ ለቃሚዎች የቀረውን ይለቅማሉ። ስለዚህ ወደ እሳቱ የሚገባው ብረት ከአውሮፓው ያነሰ ነው፤ የምድጃው ማግኔትም ያነሰ ያገኛል። ጥሩ ነገሩ፣ ብረቱ ከእሳት በፊት ሲለቀም ይበልጥ ዋጋ አለው፣ አመዱም ይጸዳል። ለለቃሚዎቹ ጓንት፣ ጫማና ደመወዝ መስጠት የአመድ አያያዝ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ባትሪ አንድ በአንድ የሚለይ ማሽን ከመግዛት፣ ባትሪ በኪሎ የሚገዛ ሰው መቅጠር ይቀላል።

መጥፎ ጎኑን ላውራ። የእኛ ከተማ ቆሻሻ እርጥብ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የድንች ልጣጭ፣ የተረፈ ወጥ፣ ከሱ ጋር አፈርና የከሰል አመድ። እርጥብ ቆሻሻ በደንብ አይነድም፣ ያልነደደ ጉማጅ ይተዋል። አውሮፓ ውስጥ ከታች አመዱ ውስጥ የሚቀረው ያልተቃጠለ ካርቦን ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ አለ። ከዚያ የበለጠ አመድ መንገድ ሥር ቢገባ ይበሰብሳል፣ ይሰምጣል። ስለዚህ የመንገድ ሥራ ሐሳብ የሚመጣው አመዱ በደንብ መቃጠሉ ከተለካ በኋላ ነው።

ከተለካም በኋላ ቦታው ይመረጣል። አስፋልት ሥር እሺ፣ ምክንያቱም አስፋልቱ ዝናብ ይከለክላል። ፒስታ መንገድ ላይ አይሆንም፤ አቧራው ሰው አፍንጫ ይገባል። ከጉድጓድ ውሃ አጠገብ፣ ረግረግ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ሰው ጊቢ ውስጥ፣ በፍጹም። ብሎኬት ይሠራበት የሚል ሐሳብም ይነሳል። አሉሚኒየሙ ካልወጣ ብሎኬቱ ውስጥ አረፋ ሠርቶ ይሰነጥቀዋል፤ ቤት ሲፈርስ ደግሞ ፍርስራሹ የት እንደሚደፋ ሁላችንም እናውቃለን። ለቤት ግድግዳ አልመክርም።

የጭስ አመዱ፦ አክሞ መቅበር ወይስ ማራቅ?

ጀርመን የጭስ አመድን የጨው ማዕድን በወጣባቸው ዋሻዎች ውስጥ፣ በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ታስቀምጣለች። ሄርፋ-ኖይሮደ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ይሠራል። ጨው ካለበት ውሃ የለም፣ ሐሳቡ ይሄ ነው። ኖርዌይ ላንጎያ የምትባል ደሴት ላይ፣ ድሮ የኖራ ድንጋይ ይወጣበት በነበረ ጉድጓድ፣ አልካላይኑን የጭስ አመድ ከፋብሪካ ከሚወጣ ያገለገለ አሲድ ጋር አገናኝታ ጂፕሰም አድርጋ ስትሞላው ኖራለች። ሁለት ቆሻሻ እርስ በርሱ ሲታረቅ ማየት ደስ ይላል። ለእኛ ግን ሁለቱም አይሆኑም። ለዚህ የተዘጋጀ የጨው ዋሻ የለንም፣ ወደ ውጭ መላክ ደግሞ የባዝል ስምምነት (አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ሲያቋርጥ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ውል) ፈቃድና ብዙ ዶላር ይጠይቃል።

የሚቀረው ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶ ማድረቅ ነው። ሲሚንቶ ሙገርም ደርባም ይመረታል። እርሳስና ዚንክን በደንብ ይይዛል። ጨዉን አይዝም፤ ክሎራይድ ከተጠናከረው ብሎክ ውስጥም ቀስ እያለ ይወጣል። ክብደቱና የሚይዘው ቦታም ይጨምራል። ስለዚህ ሲሚንቶው የሚጠቅመው ከላይ ክዳን፣ ከሥር ድርብ ምንጣፍ ባለው የራሱ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ብቻ ነው። መጠኑ ትንሽ መሆኑ እዚህ ላይ ይታደገናል። ከ1,400 ቶን ቆሻሻ በቀን ከ28 እስከ 70 ቶን ነው። ለዚህ ትንሽና ጥሩ ክፍል መሥራት ይቻላል። ለ350 ቶን ቅልቅል እንደዚያ ዓይነት ክፍል ለመሥራት ግን የሚችል ከተማ አላውቅም። ለዚህ ነው አትቀላቅሉ የምለው። ከተቀላቀለ በኋላ የጉድጓዱን ዓይነት መቀያየር፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው ነው።

ሲንጋፖርን አጠር አድርገን

ሲንጋፖር መሬት የላትም። ሴማካው ላይ ባሕሩን በ7 ኪሎ ሜትር የድንጋይ ግንብ አጥራ፣ ውስጡን በፕላስቲክና በባሕር ሸክላ ለብጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አመዷን በጀልባ እየወሰደች ትሞላዋለች። ኮራሉና ማንግሮቩ አጠገቡ በሕይወት አለ፣ ይሄ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2035 ይሞላል ተብሎ ይጠበቃል። ይሄን ያህል ጠንቅቃ የምትሠራ ሀገር ራሷ ቦታ እያለቀባት ነው። የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ውስጥ ያላችሁ ይሄን ሞዴል ትሰሙት ይሆናል፤ ለደጋ ከተማ ግን ትርጉም የለውም።

እንግዲህ የቱን?

ሕዝብ ብዙ ዝናብ ብዙ በሆነበት፣ ወንዙ ትንሽ በሆነበት፣ ገንዘብም በማይትረፈረፍበት ከተማ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ከመጀመሪያው ወደ ኮምፖስት ይሂድ፤ እሳቱ ይሻላል፣ አመዱ ይቀንሳል። ሁለቱ አመዶች ከፋብሪካው በሁለት በር ይውጡ፣ በሁለት መኪና ይጫኑ። የጭሱ ይታከም፣ በራሱ ክፍል ይቀመጥ። የታችኛው ይለቀም፣ ይቀዝቀዝ፣ ከዚያ ለአመድ ብቻ በተዘጋጀ ጉድጓድ ይነጠፍ። የመንገዱ ነገር ለሁለት ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ ተለክቶ ውጤቱ ሲታይ ይምጣ። ከቆሻሻ ጋር መቀላቀል በገንዘብ ማጣት የተመረጠ እንኳ ቢሆን፣ ቢያንስ የጭሱ አመድ አይግባበት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ምርጫ በላይ ውጤቱን ይለውጣል፤ እሱም ክዳን ነው። አንድ ሄክታር ያልተሸፈነ አመድ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ይሄን ያህል በአንድ ወር ውስጥ ይጥላል፣ ከዚያም አልፎ። የሚሠራበት ክፍል ጠባብ ይሁን፣ የቀረው በሸራ ወይም በሸክላ ይከደን፣ የዝናቡ ውሃ አመዱን ሳይነካ በቦይ ዞሮ ይሂድ። በበጋ ደግሞ አቧራ ነው፤ መኪናው ሸራ ይልበስ፣ መንገዱ ውሃ ይረጭ።

ሰፈራችሁ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ ከሆነ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጁ፣ ቁጥር 299/1995፣ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንድትሰጡ ይፈቅዳል። ሂዱ። የጭሱ አመድ የት እንደሚሄድ በስም ይነገራችሁ። ምርመራው በአሲድ ነው ወይስ በንጹህ ውሃ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከቆሻሻ ጋር የሚቀበር አመድ በአሲድ፣ ለብቻው የሚቀበር በውሃ ቢመረመር ነው እውነተኛውን የሚነግራችሁ። የተመረመረው ሳይቀላቀል በፊት ነው በኋላ? ፍሳሹን ማን ነው የሚያነሳው፣ ጨዉስ? ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ስንት ዓመት ጥበቃ አለ? አሜሪካ 30 ዓመት ትጠይቃለች፤ አመዱ ውስጥ ያለው ካድሚየም ግን በ31ኛው ዓመትም እዚያው ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው መኪና ሳይገባ የጉድጓዳችሁን ውሃ አስመርምሩ። አንዱን ናሙና ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሁለተኛውን ጥቅምት ላይ ውሰዱ። ገንዘብ ካጠረ ብረታቱን ሁሉ ማስለካት የግድ አይደለም፤ ክሎራይዱን አስለኩ። ጨው አፈር ውስጥ ምንም አይይዘውም፣ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። እርሳሱ ሊመጣ ከሆነ ከብዙ ጊዜ በፊት ክሎራይዱ ከፍ ብሎ ታዩታላችሁ። ውጤቱን ከነቀኑ ጽፋችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ከአንድ በላይ ሰው ዘንድ አስቀምጡት።